ያልተጨረሰው የእትዬ አመተ ሥላሴ ቃል

ኅዳር ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ዋና ኢንስፔክተር ፍስሐ ያን ጊዜ ዕድሜው አምሳ አራት ሲሆን፣ የዕድሜውን ግማሽ የሚያህለውን በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ሌባውን ከነጋዴው ሲለይ ያሳለፈ ሰው ነው።

በዚያ ማለዳ የመርካቶ ድር ተራ ሱቆች በራቸውን እንደ ወትሮው አልከፈቱም። ድር ሻጩም፣ ጥጥ ሻጩም፣ ተሸካሚውም ሁሉ አንገቱን ወደ አንድ ፎቅ አቅንቶ ቆሟል። የተራው አንጋፋ ነጋዴ እትዬ አመተ ሥላሴ፣ ከሱቃቸው በላይ ባለው መኝታ ቤታቸው ሌሊቱን አርፈው ተገኝተዋል። የሞተ ሰው ባለበት ቤት ለቅሶ እንጂ ፖሊስ አይቀድምም፤ በዚህኛው ቤት ግን ፖሊስ ቀደመ።

«ማን ነው ያስጠራን?» አለ ፍስሐ።

«እኔ ነኝ» አለች ፍቅርአዲስ። የሟቿ የእህት ልጅ ናት፤ አክስቷን የምታስታምመውም ሱቁን የምትጠብቀውም እሷው ነበረች።

«እትዬ የልብ ሕመምተኛ እንደ ነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንቺን ምን አስጠረጠረሽ?»

አንዲት የመድኃኒት ብልቃጥ ዘረጋችለት። በብልቃጧ አንገት ላይ ጥቁር ድር ታስሯል።

«ቋጠሮውን ይዩልኝ» አለች። «እትዬ ፊደል አልቆጠሩም። ስለዚህ ለጠዋቱ መድኃኒት ቀይ ድር፣ ለማታው ጥቁር ድር አስሬላቸው ነበር። የድር ተራ ልጅ ደግሞ ድር ቋጥሮ ጫፉን አያንጠለጥለውም፤ መልሶ ከሥር ያሾልከዋል። ይሄ እንደ ጫማ ክር ነው የታሰረው። የኔ እጅ አይደለም።»

«ማታ ስትሰጪያቸው አላየሽውም?»

«መብራት ጠፍቶ ነበር። በስልኬ ብርሃን ነው የሰጠኋቸው።» ቀኝ እጇን ዘርግታ አሳየችው። «በዚህ በእጄ ነው የሰጠኋቸው፣ ኢንስፔክተር።»

ፍስሐ ብልቃጧን በጨርቅ ጠቅልሎ ያዘ። የሐኪሙ ውጤት ሲመጣ የልጅቱን ጥርጣሬ አጸናው። በብልቃጧ ውስጥ የተገኘው ክኒን በመልኩ የእትዬን የሚመስል፣ ለደከመ ልብ ግን መርዝ የሚሆን ሌላ መድኃኒት ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ብልቃጧ እሷ ራሷ ያሰረቻት እንደ ነበረች ፍቅርአዲስ ቤቱን ስትወለውል በዓይኗ አይታለች። እንግዲህ የተለወጠችው በዚያው ቀን ነው። በዚያ ቀን ደግሞ ወደዚያ ክፍል የገቡት፣ ለምስክርነቱ የመጡት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የምስክርነቱ ነገር እንዲህ ነው። ሰባተኛ ከሚባለው የመርካቶ ሰፈር ጀርባ ያለ አንድ መጋዘን የእትዬ ባል ንብረት ነበር። ባልየው ከመሞታቸው በፊት ሸጠውታል፤ ለማን እንደ ሸጡት ግን ሁለት ሰው ተካሰሰ። አንደኛው ከወሎ የመጣ የብርድ ልብስ ነጋዴ ዘከሪያ ነው፤ ሁለተኛው የቆርቆሮ ተራው ማሙሸት። ሁለቱም ውል አላቸው፤ ሁለቱም ቁልፍ አላቸው። ቁልፉ ከባልየው እጅ ሲወጣ በዓይናቸው ያዩት እትዬ አመተ ሥላሴ ብቻ ናቸው። ደረጃ መውረድ ስላቃታቸው፣ ቃላቸው ባሉበት በካሜራ ተቀርጾ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ ፈቀደ።

ቃሉን የቀረጸችው ጸሎት የምትባል ወጣት የሕግ ባለሙያ ናት። ይዛው የመጣችው ካሜራ እንደ ሌላው በአንድ ዓይን የሚያይ አልነበረም። ቁመቱ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል፣ ጠረጴዛ መካከል የሚቆም፣ ክፍሉን ዙሪያውን የሚቀርጽ ነበር። «ምስክሩ ሲናገር በጎን ማን እንደ ጠቀሰው፣ ማን እንደ ገሠጸው ዳኛው ይይ ተብሎ ነው የተሠራ» ስትል ለፍስሐ አስረዳችው።

ፍስሐ በመጀመሪያ ያየው ለፍርድ ቤቱ የተዘጋጀውን ቅጂ ነበር። በዚያ ላይ የእትዬ ፊት ብቻ ይታያል። ይምላሉ፤ ይናገራሉ። ከፍርድ ቤት የተላከው ጸሐፊ መጨረሻ ላይ ይጠይቃቸዋል።

«ቁልፉን ከባለቤትዎ እጅ የተቀበለው ማን ነው?»

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግራ ያዞራሉ።

«እሱን ነገ እናገራለሁ» ይላሉ። «ዛሬ ደክሞኛል።»

ነገ አልደረሱም።

ጥርጣሬው ሁሉ በዘከሪያ ላይ ወደቀ። የእትዬ ቃል እየተቀረጸ ሳለ ስልክ ለማነጋገር ብሎ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄዷል፤ መድኃኒቱ የሚቀመጠው በዚያው በመስኮቱ ደፍ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ከወጣም በኋላ ወደ ኋላ ቀርቶ እትዬን ብቻቸውን አነጋግሯል። ፍቅርአዲስ ከደረጃው ላይ ሆና ድምፁ ከፍ ሲል ሰምታዋለች።

«ምን አልካቸው?» ሲል ፍስሐ ጠየቀው።

«ለምን ነገ አሉ? አልኳቸው» አለ ዘከሪያ። ረጅም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ ካቴና በእጁ ላይ ሲያይ እንደ ሰው ዕቃ ያየው ነበር። «ሐቁን እያወቁ ለምን ያሳድሩታል? አልኳቸው። ጮኼም ይሆናል። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«እሳቸውስ?»

«‹አንተ ልጅ፣ አንድ ሌሊት ታገሠኝ› አሉኝ። ሌላ የለም።»

ዐቃቤ ሕጉ ሰኞ ክስ ሊመሠርት ተዘጋጀ። ሚስቱ ጠሂራ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከጣቢያው በር አትጠፋም። ሐሙስ ዕለት ፍስሐን መንገድ ዘጋችበት።

«ኢንስፔክተር፣ ባሌ ዶሮ ማረድ ስለማይችል በዓል በመጣ ቁጥር ጎረቤት የምለምን ሴት ነኝ። እሱን ነው ሰው ገደለ የምትሉት?»

«እኛ ገና አላልንም፣ እመቤቴ።»

«አስራችሁት የለ እንዴ? ታዲያ ለጌጥ ነው ያሰራችሁት?»

ዘበኛው ሳቁን ዋጠ። ፍስሐ ግን አልሣቀም። ሴትዮዋ ያነሣችው ምሳ ዕቃ ትላንት እንደገባ ሳይነካ የተመለሰ መሆኑን አይቶ ነበር።

ወደ ቆርቆሮ ተራ ሄደ። ማሙሸት ድምፁን ከመዶሻው ጩኸት በላይ ለማድረግ የለመደ፣ ደንዳና ሰው ነው።

«እኔን ልትጠረጥር ነው የመጣኸው? ጠርጥር!» አለ። «ግን እወቀው፤ የሴትዮዋን ደረጃ ከረገጥኩ ከዓመት በላይ ሆኖኛል። ከተካሰስን ወዲህ ማክሰኞ የመጀመሪያዬ ነው። መድኃኒት ይጠጡ ወይ ጠበል ይጠጡ በምን አውቄ?»

«መሞታቸው ግን አልጎዳህም።»

«አልጎዳኝም?» ማሙሸት መዶሻውን አስቀመጠ። «ሰውዬ፣ ቁልፉን ጋሼ ዘውገ ናቸው ያመጡልኝ፤ ‹ባልየው ልከውኛል› ብለው። እትዬ ይህንን ቢናገሩልኝ ነገሩ አልቆ ነበር። የኔ ምስክር እኮ ነው የሞተብኝ!»

ፍስሐ ይህን ቃል በልቡ አኖረው። ዘከሪያም «እትዬ የኔ ምስክር ናቸው» ብሎ ነበር። ሁለት ባላንጣ አንድን ምስክር የየራሱ ካደረገ፣ አንዱ ይዋሻል፤ አለዚያም ሁለቱንም ያታለለ ሦስተኛ ሰው አለ።

ደግሞም ቋጠሮው አለ። ብልቃጧን አስቀድሞ አዘጋጅቶ የመጣ ሰው የጥቁሩን ድር ነገር ያውቅ ነበር ማለት ነው፤ ድር ማሰር ግን አያውቅም። ደረጃውን ያልረገጠ ሰው ይህን ከየት ያመጣዋል? ወደ ቤቱ የሚመላለሱት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ዘከሪያ እና ጋሼ ዘውገ።

ጋሼ ዘውገን የማያውቅ የመርካቶ ሰው የለም። በሥራቸው ደላላ ናቸው፤ በስማቸው ግን ሸምጋይ። ባልና ሚስት ቢጣላ፣ ወንድማማች ቢካሰስ እሳቸው ይጠራሉ። የእትዬ ባል የቅርብ ወዳጅ ነበሩ፤ በምስክርነቱም ላይ እንደ ሽማግሌ ተገኝተዋል። ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሐዘንተኛው እኩል ተቀምጠው ፍስሐ አገኛቸው።

«በሰው ነፍስ ላይ መናገር ከባድ ነው» አሉ ጋሼ ዘውገ፣ ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ እያዞሩ። «ዘከሪያ ክፉ ልጅ አይደለም። ንዴት ነው እንጂ። ወደ መስኮቱ መሄዱን ግን… እንግዲህ ሁላችንም አይተናል።»

«እርስዎ የት ነበር የተቀመጡት?»

«ከካሜራው ኋላ፤ ጥግ ላይ። የሰው ምስል እንዳላበላሽ ብዬ።»

«መድኃኒታቸውን የት ያስቀምጡ ነበር?»

«እኔ በምን አውቃለሁ፣ ልጄ? የሴት ወይዘሮ ጓዳ አልገባም።»

ፍስሐ አመስግኖ ወጣ። ድንኳኑን አልፎ ጥቂት እንደሄደ ግን እግሩ ዘገየ። መድኃኒቱ ጓዳ ውስጥ አልነበረም። እትዬ ቃላቸውን በሰጡበት ክፍል፣ በዚያው ጥግ፣ ከሽማግሌው ወንበር ክንድ በማይርቅ መስኮት ላይ ነበር።

ይህም ቢሆን ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ሰው መስኮት ላይ ያለ ብልቃጥ ባያስተውል ወንጀል የለበትም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ በሲኒማ ራስ በኩል ወደ ጸሎት ቢሮ ወጣ።

«ያን የቀረጽሽውን እንደገና አሳዪኝ» አላት።

«ቅጂውን ሰጥቻችሁ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«የሰጠሽኝ የሟቿን ፊት ነው። እኔ ቃል ስቀበል የሚናገረውን ሰው ብዙ አላይም፤ ሲሰማ የተቀመጠውን ነው የማየው። ካሜራሽ ዙሪያውን ያያል ብለሽኝ የለም? ዙሪያው የታለ?»

ጸሎት ጥቂት አፈረች። «ለፍርድ ቤቱ የተጠየቅሁት ቃሉን ነው። ቃሉ ደግሞ ከመሐላው ይጀምራል። ሙሉው እዚህ አለ።»

ሰፊ ስክሪን ያለው ታብሌት ከፊቱ አኖረች። ምስሉን በጣቷ ስትገፋው ክፍሉ እንደ እንዝርት ዞረ፤ መስኮቱ፣ በሩ፣ አልጋው፣ እንደገና መስኮቱ። ፍስሐ በጣቱ ሞከረው። በመጀመሪያ ጣሪያውን ብቻ አገኘ፤ ጸሎት ሳቋን ይዛ እጁን መራችው።

«ዘከሪያ ስልክ ሲያነሣ ከየት ላይ ነው?»

አገኘችለት። ዘከሪያ ወደ መስኮቱ ይሄዳል። ቀኝ እጁ ስልኩን ከጆሮው ጋር ይዟል። ግራ እጁ መቁጠሪያ ሙስበሃውን ፍሬ በፍሬ ይቆጥራል። እስኪመለስና እስኪቀመጥ ድረስ ሁለቱም እጆቹ ከሥራቸው አልተፈቱም። ብልቃጧን አልነካትም።

«ሲሰነባበቱስ?» አለ ፍስሐ።

«ሌላውን ዕቃ ወደ ታች አውርጄ እስክመለስ ካሜራውን አላጠፋሁትም። ይኸው፤ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ ይለምናቸዋል፤ እጃቸውን ስሞ ይወጣል። ወደ መስኮቱ አልተመለሰም።»

ሰኞ በፍርድ ቤት ፊት የሚቆመው ሰው ንጹሕ ነው። ግን ፍርድ ቤት «ታዲያ ማን ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

«የቁልፉን ጥያቄ ክፈችልኝ» አለ።

እትዬ ፊታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። በቅጂው ላይ ወደ ባዶ ግድግዳ የተመለከቱ ይመስሉ ነበር። ፍስሐ ምስሉን በጣቱ ተከትሎ ዓይናቸው ወደሚያርፍበት አዞረው። ከዚያ ጥግ ላይ ጋሼ ዘውገ ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን ይመለከታሉ። የጠየቃቸው ጸሐፊው ነው፤ ተካሳሾቹ ከፊታቸው ናቸው፤ እትዬ ግን «ነገ» ያሉት ለዘውገ ነው።

«የሚቀረው የመጀመሪያው ነው» አለች ጸሎት። «ግን ጥቅም የለውም። መብራቱን ለመሞከር አስቀድሜ አብርቼው ነበር፤ ‹ጀምረናል› ሳልላቸው በፊት ያለው ነው። ሰው ሲገባ፣ ወንበር ሲለዋወጥ…»

«እሱን አሳዪኝ።»

ሰዎቹ ይገባሉ። ጋሼ ዘውገ ካሜራውን ዞረው ይመለከቱታል፤ ሽቦው የወጣበትን ወገን ያያሉ፤ በዚያው ወገን ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ከዚያ ጸሐፊው ደብተሩን ሊከፍት ሲል እትዬ ይከለክሉታል።

«ሳይመረቅ ነገር አይጀመርም» ይላሉ። «እጃችሁን ዘርጉ።»

ሁሉም እጁን ዘረጋ፤ ሁሉም አንገቱን ደፋ።

«ሐሰት ከዚህ ቤት ይውጣ።»

«አሜን።»

«እውነት ይግባ። የተጣሉትን ያስታርቅልን።»

«አሜን።»

ፍስሐ ምስሉን በቀስታ አዞረው። ዘከሪያ፣ ሁለት እጅ። ማሙሸት፣ የሻከሩ ሁለት እጆች። ጸሐፊው፣ ፍቅርአዲስ በበሩ፣ ጸሎት ራሷ። ሁሉም ሁለት ሁለት እጅ ዘርግቷል፤ የሁሉም ዓይን መሬት ላይ ነው።

ጋሼ ዘውገ የዘረጉት ቀኝ እጃቸውን ብቻ ነበር።

«አቁሚው» አለ ፍስሐ።

ግራ እጃቸው ከካፖርታቸው ኪስ ወጥታ ወደ መስኮቱ ደፍ ትሄዳለች፤ ተመልሳ ወደ ኪሱ ትገባለች። የምስሉ ሁለት ጫፍ የሚጋጠመው በዚያ ስለ ሆነ እጅየዋ እንደ ተሳበ ድር ቀጥና ትታያለች። ምን እንደ ያዘች አይለይም። ሽማግሌው ግን አፋቸው እንደ ሌላው «አሜን» ይላል።

«የመርካቶ ሸምጋይ» አለ ፍስሐ ለራሱ እንደሚናገር ሰው፣ «ምርቃት በአንድ እጅ ሲቀበል አይቼ አላውቅም።»

ቅዳሜ ጠዋት የመፈተሻ ፈቃድ በኪሱ ይዞ፣ ሁለት ፖሊሶች በበሩ አቁሞ፣ ሰባተኛ ወደሚገኘው የጋሼ ዘውገ ቢሮ ገባ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ አሮጌ የብረት ካዝና።

«ግባ፣ ልጄ። ዘከሪያ አመነ?»

«አላመነም።»

«ያምናል። ጊዜ ስጠው።»

«ጊዜ የለኝም፣ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት መጣሁ። ካሜራው እርስዎን አይቶዎታል።»

ሽማግሌው ሣቁ። ሳቃቸው ግን ከአፋቸው አልፎ ወደ ዓይናቸው አልወጣም።

«እኔን? ያ ጀርባውን ሰጥቶኝ የነበረው?»

ከውጭ የተሸካሚዎች «መንገድ! መንገድ!» ይሰማል።

«ምንዎን እንዳየ አልነገርኩዎትም» አለ ፍስሐ። «ከቆሸሸ ነገር የነጻ ሰው ‹ምኔን አየ?› ብሎ ይጠይቃል። እርስዎ ግን ሊያየኝ አይችልም አሉኝ። ጋሼ ዘውገ፣ ያ ካሜራ ጀርባ የለውም።»

ባርኔጣው በሽማግሌው ጉልበት ላይ መዞሩን አቆመ።

«እጅ ማየት ምንም አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ሽማግሌ ነኝ። ክንዴን ቢያመኝስ?»

«እውነትዎን ነው። ስለዚህ የእትዬን ብልቃጥ ፈለግሁ።»

«ከኔ ዘንድ ምን ያደርጋል? ቢሆን እንኳ የወሰደው ሰው ጥሎታል።»

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር» አለ ፍስሐ። «ከዚያ የት ይጥለዋል? ብዬ አሰብኩ። የሌላ ሰፈር ሰው ቢሆን ቆሻሻ ውስጥ ጥሎ ይሄዳል። የመርካቶ ሰው ግን እዚህ የሚጣል ነገር እንደሌለ ያውቃል። ዛሬ የጣሉት ብልቃጥ ነገ ምናለሽ ተራ ከአሮጌው ዕቃ ጋር ታጥቦ ተደርድሮ ይገኛል፤ ከአንገቱ ጥቁር ድር ጋር። እርስዎ አምሳ ዓመት እዚህ የኖሩ ሰው ነዎት። አልጣሉትም።»

ጋሼ ዘውገ ባርኔጣቸውን እንደገና ማዞር ጀመሩ። ዓይናቸው ግን ሳይፈልጉ ወደ ካዝናው ሄዶ ተመለሰ። ፍስሐ የፈለገውም ያንን ነበር፤ የመፈተሻ ፈቃዱን በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

ብልቃጧ ከካዝናው የታችኛው መደርደሪያ፣ በመሐረብ ተጠቅልላ ተገኘች። የጥቁሩ ድር ጫፍ በሥርዓቱ ከሥር ሾልኳል።

«ለምን?» አለ ፍስሐ።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው የሽማግሌ ሆነ። «መጋዘኑን ባልየው ለዘከሪያ ነው የሸጠው፤ እኔው ነኝ ያደራደርኩት። እሱ አልጋ ላይ ሲውል ቁልፉን አስቀርጬ፣ በሌላ ውል መጋዘኑን ለማሙሸት ደግሜ ሸጥኩት። ይጨቃጨቁና እኔው አስታርቃቸዋለሁ አልኩ፤ አልታረቁም። እሷ ታውቅ ነበር። በድር ተራ የተጣላ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፣ ልጄ። በስተርጅና ‹ሌባ› ልባል?»

«እትዬ ስምዎን ማክሰኞ ሊጠሩ ይችሉ ነበር። ለምን ነገ እንዳሉ ያውቃሉ?»

«ደክሟት ነው።»

«አልደከማቸውም። ወደ እርስዎ ነው ያዩት። ሌሊቱን ልብዎ ተመልሶ፣ ጠዋት ራስዎ መጥተው እንዲናገሩ ነው የጠበቁዎት።»

ዘውገ አንገቱን ደፋ። ከዚያ በኋላ አንቱ ያለው ሰው አልነበረም። እትዬ አመተ ሥላሴ ለባላቸው ወዳጅ አንዲት ሌሊት ሲሰጡት፣ እሱ ሌሊቲቱን ገና በምርቃቱ ሰዓት ወስዶባቸው ነበር።

ሰኞ ዘከሪያ ተፈታ። ማሙሸት ከጣቢያው በር ቆሞ ሲጠብቀው ነበር፤ ሁለቱ ሰዎች ምን እንደሚባባሉ ስላላወቁ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ፍቅርአዲስ ከሰልስቱ ተመልሳ ጥቁር ለብሳ መጥታለች። ፍስሐ የመጣችበትን አውቆ፣ ሳትጠይቀው፣ «ማንም በዚያ ጨለማ ሊያየው አይችልም ነበር፤ ቋጠሮውን ባታዪ ኖሮ ግን እስከ ዛሬም አናውቅም» አላት። ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች፤ ተጽናናች ለማለት አይቻልም።

ጠሂራ ባዶ ምሳ ዕቃዋን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ኢንስፔክተር፣ ለጌጥ ያሰሩልኝን ባሌን መለሱልኝ። ዱዓ ላድርግልዎት፤ እጅዎን ይዘርጉ።»

በደጁ የቆሙት ሁሉ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ፍስሐም ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ። ዓይኑን ግን መሬት ላይ ማሳረፍ አልቻለም፤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘዋወር፣ የተዘረጉትን እጆች አንድ በአንድ ሲመለከት፣ «አሜን» ማለቱን ረሳ።

በዚህ ታሪክ ቀን ወይም ስም አሳስቼ እንደ ሆነ፣ የማንን ወንበር ከማን ጎን እንዳኖርኩ ተምታቶብኝ እንደ ሆነ፣ በዚያ ሰሞን በድር ተራ የነበረ አንባቢ ያርመኝ፤ እርማቱን በደስታ እቀበላለሁ። ያችን ግራ እጅ ግን አላሳሳትኩም።